የ1999 ኮሮላ የካምቢዮ ዲፕስቲክ ተጣብቋል፤ ሳይሰበር እንዴት ይወጣል?

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ የታላቅ ወንድሜ ናት። 1999 ሞዴል ኮሮላ፣ አውቶማቲክ። ሞተሯ ጤነኛ ነው፣ ቦሎም አስቸግራ አታውቅም። ሰሞኑን ግን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ማርሽ ቶሎ አልይዝ አላት። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ትጎተታለች፣ ከዚያ ድንገት ይይዝና ወደፊት ትወረወራለች። ጠዋት ወደ ኋላ ማርሽ ሲገባላትም ትንሽ ቆይታ ነው የምትንቀሳቀሰው።

እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚታየው የካምቢዮ፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ ዘይት ነው። የዘይቱን መጠን የሚለካው ቀጭን ብረት፣ ዲፕስቲኩ፣ ግን አልወጣም አለ። ያለው ከባትሪው አጠገብ ነው፣ አየር ወደ ሞተሩ ከሚያስገባው ወፍራም ቱቦ ሥር። መያዣው ፕላስቲክ ነው፣ በሙቀት ብዛት ጠቁሯል። ከመያዣው ሥር ያለው የጎማ አንገት ከብረቱ ቱቦ አፍ ጋር አንድ ሆኗል። በጥፍሬ ስነካው እንደ ሸክላ ደርቋል። ፕላስቲኩ ላይ ደግሞ ቀጭን ስንጥቅ አለ። በኃይል ብስበው መያዣው እጄ ላይ ይቀርና ብረቱ ውስጥ ይቀራል ብዬ ተውኩት።

ወንድሜ የሞተር ዘይት በሰዓቱ ያስቀይራል። የካምቢዮውን ግን ከገዛት ጀምሮ ማንም ነክቶት አያውቅም፣ ዘይት የሚቀይሩለትም ሰዎች እንየው ብለውት አያውቁም። ስለዚህ ይህ ዲፕስቲክ ስንት ዓመት ሳይወጣ እንደቆየ የሚያውቅ የለም።

ምን ልቀባው? ሞተሩ ሞቆ ነው ወይስ ቀዝቅዞ የሚሞከረው? ከተሰበረስ ምን ይደረጋል? የደረሰበት ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ተጨማሪ፦ ብዙ ሰው መለሰልኝ፣ እግዜር ይስጣችሁ። ክሩ (የመልሶቹ ሰንሰለት) ረዝሟል፣ ጥሩው ምክርም መኪና ከሚገድለው ጋር ተደባልቋል። ተመሳሳይ ችግር ገጥሞት የሚመጣ ሰው ሁሉንም ሲያስስ እንዳይውል የተባለውን በየቁጥሩ እዚህ ሰብስቤዋለሁ። የራሴንም ሐሳብ ጣል አደርጋለሁ።

መልስ 1። ከአዳማ የጻፈ ሰው ነው። ወንድሜ ብሎ ሰላምታ ሰጠኝና መሳብ የሚባለውን ነገር ለጊዜው እንድረሳው ነገረኝ። መጀመሪያ ማዞር ነው። ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ጎማው ከቱቦው አፍ እስኪላቀቅ። በነፃነት መዞር ሲጀምር ብቻ ወደ ላይ ይሳባል፣ እሱም ወደ ጎን ሳይዘነብል፣ ቱቦው በሚሄድበት አቅጣጫ። ከሁሉም የጠቀመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። በአንድ እጅ መያዣውን ሲያዞሩ በሌላው ቱቦውን ራሱን መያዝ ያስፈልጋል። አለበለዚያ ዲፕስቲኩ የዞረ ይመስላል እንጂ የዞረው ቱቦው ነው። ያኔ ቱቦው ካምቢዮው ላይ የሚገባበት ቦታ ያለችው ክብ ጎማ ትላላለች፣ ሌላ ጣጣ ይመጣል።

መልስ 2። ሞተሩን አስነስቼ በደንብ እንዳሞቀውና እየሞቀ እያለ እንድስበው መከረኝ። ሙቀት ሁሉን ያላላል ባይ ነው።

መልስ 3 አንድ መስመር ነው። ለመካኒክ ስጥና ተገላገል የሚል ዓይነት። መካኒኩ ምን ቢያደርግ ጥሩ እንደሆነ ግን አልነገረንም።

መልስ 4ን ሁለት ጊዜ አንብቡት። የጻፉት ዕድሜያቸውን ጋራዥ ያሳለፉ አባት ናቸው። ቁጥር 2ን በጨዋ ደንብ ነው ያረሙት። ሙቀት በዘይት ጭቃ የተያዘ ብረት እንደሚያላላ አልካዱም። ግን ፕላስቲኩና ጎማውም አብረው ያብጣሉ፣ አንገቱ ቱቦው ውስጥ ይበልጥ ይጠብቃል። ስንጥቅ ያለው ፕላስቲክ ደግሞ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ በዚያ ላይ ሲጠመዘዝ መበጠሱ አይቀርም። እጅም አለ። ጭስ ማውጫው ቅርብ ነው፣ የራዲያተሩ ማራገቢያም በአንዳንድ መኪና ሞተሩ ከጠፋ በኋላ በራሱ ሊነሳ ይችላል። እሳቸው የሚመክሩት መካከለኛውን ነው። መኪናዋ ትንሽ ትሙቅ፣ ትጥፋ፣ ቁልፉ ይውጣ፣ እጅ ሳይቃጠል የሚነካ እስኪሆን ይጠበቅ፣ ከዚያ ይሞከር።

ቀጥለው ችግሩ የት እንዳለ በእጅ እንዴት እንደሚታወቅ ጻፉ። ፈጽሞ የማይዞር ከሆነ የያዘው ከላይ ያለው ጎማ ነው፣ ሥራውም እዚያው አፉ ላይ ያልቃል። እየዞረ ወደ ላይ አልመጣ ካለ የያዘው ከታች ነው። ወይ ብረቱ ታጥፏል፣ ወይ የተቃጠለ ዘይት ቱቦው ውስጥ ጋግሯል። ትንሽ መጥቶ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ቱቦው ራሱ ተጎድቷል፣ ወይም ያለ ቦታው የሌላ መኪና ዲፕስቲክ ገብቶበታል። ከታች ለተያዘው መድኃኒቱ ያው የካምቢዮ ዘይት ነው። ጥቂት ጠብታ በቱቦው ግድግዳ ማውረድ፣ ትንሽ ወደ ታች መመለስ፣ ትንሽ ወደ ላይ መሳብ። ወደ ታች መመለሱን ብዙ ሰው ይረሳዋል አሉ።

አንድ ነገር ላይ ግን ቆጣ ብለዋል። ማንም ሰው ይህን ቱቦ ከመክፈቱ በፊት ዙሪያውን በብሩሽና በጨርቅ ያጽዳ። ዓመታት የተጠራቀመ አቧራ እዚያ አለ። በዚያ ቀዳዳ የገባ አሸዋ ቫልቭ ቦዲው ድረስ ይሄዳል። ቫልቭ ቦዲ ማለት ዘይቱን ወደየማርሹ የሚያከፋፍለው ክፍል ነው፣ ውስጡ በጠባብ ቀዳዳ የሚንሸራተቱ ትናንሽ ቫልቮች አሉት። አንዷ በአሸዋ ከተያዘች የተጣበቀ ዲፕስቲክ ቀላል ነገር ነበር ያሰኛል። ክር የሚተው ጨርቅም አይሆንም አሉ፣ በዚያው ምክንያት።

መልስ 5። ከቨርጂኒያ የሚጽፍ ወንድማችን ነው። የሱ ካምሪም የ90ዎቹ ናት። እዚያ ችግሩ ጎማው ብቻ አይደለም። ክረምት ላይ በረዶ ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል፣ ጨው ደግሞ ብረት ይበላል። የሱ ቱቦ አፉ ዙሪያ ዝጎ ነበር። ደብሊው ዲ 40 የሚባለውን ስፕሬይ አፉ ዙሪያ ረጭቶ አሳድሮት በማግስቱ በማዞር አወጣው። ብዙ አትርጩ፣ ወደ ውስጥ ይፈሳል ብሏል።

መልስ 6 ለቁጥር 5 ነው። ደብሊው ዲ 40 ለዚህ ሥራ የተፈጠረ አይደለም አለና ወደ ታሪኩ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1953 አሜሪካ ሳንዲዬጎ ውስጥ የተሠራው እርጥበት ለማባረርና ዝገት ለመከላከል ነው፣ መጀመሪያ የተቀባውም አትላስ የሚባለው ሚሳይል ገላ ላይ ነው። እውነት ነው፣ ግን ክሩ ለትንሽ ጊዜ ስለ ሚሳይል ሆኖ ቀረ። ቁም ነገሩ ያለው የጽሑፉ መጨረሻ ላይ ነው። የያዘው ዝገት ከሆነ ዝገት ውስጥ የሚሰርግ ዘይት ይሻላል። የያዘው ጎማ ከሆነ ግን ሲሊኮን ስፕሬይ ይበልጣል፣ ሲሊኮን ጎማ አይጎዳምና። የካርቡሬተር ማጽጃና የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ጭራሽ እንዳይቀርቡ አለ። ጎማውን ያበላሹታል፣ ፕላስቲኩንም ይሰነጥቁታል። እኔ የሄድኩት በዚህ ምክር ነው።

መልስ 7 ላይ ነገሩ መክረር ጀመረ። ጸሐፊው የረጅም መንገድ ሹፌር ነበርኩ የሚል ሰው ነው። የፍሬን ዘይት አፉ ላይ አንጠባጥብ፣ ጎማው ይለሰልስልሃል አለኝ። ድሮ ሁሉም እንዲህ ነበር የሚያደርገው አለ።

መልስ 8። አባታችን ከቁጥር 4 ተመልሰው መጡ፣ አሁን ግን ሰላምታም የለ። የፍሬን ዘይትና የካምቢዮ ዘይት ባሕርያቸው ለየቅል ነው። የካምቢዮው ጎማዎች የተሠሩት ከነዳጅ ለሚገኝ ዘይት ነው። የፍሬን ዘይት ሲያገኛቸው መጀመሪያ ያብጣሉ፣ ቀጥሎ ይለሰልሳሉ፣ መጨረሻ ላይ ይፈርሳሉ። ካምቢዮ የሚያንጠባጥብባቸው መኪና ሻጮች ገዢ እስኪያገኙ በዚህ መንገድ ፍሳሹን ያስቆሙታል፣ ገዢው ከጥቂት ወራት በኋላ ያለቅሳል። እንዲህ ያለ ምክር ለወጣት መስጠት ነውር ነው ብለው ዘጉት። ቃሉ ይከብዳል። ስለ ዘይቱ ያሉት ግን ትክክል ነው፣ እኔም ከሳቸው ጋር ነኝ።

መልስ 9 ቁጥር 7 ራሱ ነው፣ ተቆጥቶ። እኔ የሄድኩበትን መንገድ መካኒክ ሁሉ በሕልሙ አላየውም አለ። ስለ ጎማው ግን አንድም ነገር አልመለሰም።

መልስ 10 ለማስታረቅ ገባ። ሁለታችሁም ታላላቆቻችን ናችሁ ብሎ ጀመረ። ቁጥር 7 የፍሬን ዘይት ጎማ ያለሰልሳል ያለው ውሸት አይደለም፣ ጣጣው ያለው ማለስለሱ ላይ ነው አለ። ይህን ያህል አጥርቶ የነገረን የለም። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ዝም አሉ።

መልስ 11። አሮጌ መርሰዲስ ያለው ሰው ነው። አንዳንዱ ዲፕስቲክ የተጣበቀ ሳይሆን የተቆለፈ ነው ብሎ አስታወሰን። በ80ዎቹ መርሰዲሶች ጫፉ ላይ የምትነሳ ትንሽ እጀታ አለች። እሷ ካልተነሳች ቢጎትቱት አይወጣም። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በመጣው ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ደግሞ ቱቦው አለ፣ ክዳን አለ፣ ውስጡ ግን ዲፕስቲክ የለም። ክዳኑ በፕላስቲክ ፒን ታሽጓል፣ መለኪያው የጋራዥ መሣሪያ ነው። ይህን ሳያውቅ ሲታገል የዋለ ጎረቤት እንዳለው ጻፈ። የኔ ኮሮላ ቁልፍ የላትም፣ አይቻለሁ። ሌላ መኪና ያላችሁ ግን ከማዞራችሁ በፊት መያዣውን በባትሪ መብራት በደንብ እዩት።

መልስ 12። በላይተር ዙሪያውን አሙቀው አለ። እንዲያው በቀላሉ።

መልስ 13 እንደኔው ደነገጠ መሰለኝ፣ ሁሉንም በትልቁ ጻፈው። ቦታው ባትሪው አጠገብ ነው። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ይወጣዋል፣ ሃይድሮጂን ደግሞ በብልጭታ ይፈነዳል። የካምቢዮ ዘይትም ይነዳል፣ የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ሲፈስ የተቃጠለ መኪና ስንት ነው። ሙቀት ከተፈለገ በሙቅ ውኃ የተነከረ ጨርቅ አንገቱ ላይ መጠቅለል ይበቃል። ቁጥር 12 ይህን ካነበበ በኋላ ጽሑፉን አጠፋው። ጥሩ አደረገ።

መልስ 14ን የጻፈችው እህታችን ናት። የሷ ተሰብሮ ነበር፣ የጠየቅኩትን ጥያቄ በትክክል የመለሰችልኝም እሷ ናት። ስሙን ያልጠቀሰችው ጋራዥ ውስጥ ልጁ በፒንሳ ይዞ ሲስበው መያዣው ተነቀለ፣ ብረቱ ከቱቦው አፍ ጋር እኩል ሆኖ ቀረ። ከዚያ በቀጭን ፒንሳ እይዘዋለሁ ሲል ይባስ ወደ ውስጥ ገፋው። እሷ እዚያ ላይ አስቆመችው። ሌላ መካኒክ ዘንድ በሌላ መኪና አስጎትታ ሄደች።

ሁለተኛው መካኒክ ብረቱን ጭራሽ አልነካውም። ቱቦውን ራሱን ነው የፈታው። ቱቦው ካምቢዮው ላይ በአንድ ቡሎን ብቻ ነው የተያዘው። ቡሎኑን ፈታ፣ ሥሩን አጸዳ፣ ቱቦውን እያወዛወዘ ከነብረቱ ወደ ላይ አወጣው፣ ቀዳዳውን በንጹሕ ጨርቅ ደፈነ። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ብረቱን ከታች በኩል ገፍቶ አስወጣው። ቱቦውን አጥቦ በአዲስ ክብ ጎማ መለሰው። ዲፕስቲኩን እሷ ከሶማሌ ተራ አሮጌ ገዝታ አመጣች። ኮፓ (ከካምቢዮው ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ሳይወርድ፣ ካምቢዮ ሳይፈታ አለቀ። ብረቱ ተቆርጦ ወደ ውስጥ ቢወድቅ ግን ኮፓውን ማውረድ ግድ ይሆን ነበር ብሏታል መካኒኩ።

መልስ 15 ለሷ ምስጋና ሰጥቶ ሁለት ነገር ጨመረ። ቱቦው ሲነሳ ዘይት ሊወርድ ስለሚችል ከሥር ዕቃ ይቀመጥ። አዲሷ ጎማ ደግሞ በደረቁ አትግባ፣ በካምቢዮ ዘይት ትለቅለቅ፣ አለበለዚያ ስትገባ ትቆረጣለች።

እዚህ ላይ የኔን ልንገራችሁ፣ ወጥቷልና። ዙሪያውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጸዳሁ። ሲሊኮን ጎማውና ቱቦው የሚገናኙበት መስመር ላይ ብቻ ረጭቼ አሳደርኩት። ጠዋት መኪናዋን ትንሽ አስነስቼ አጠፋሁ፣ ቀዝቀዝ ስትል በሙቅ ውኃ የተነከረ ጨርቅ አንገቱ ላይ ጠቀለልኩ። ቱቦውን ወንድሜ ያዘልኝ። እኔ በፕላስቲኩ ላይ ሳይሆን ከስንጥቁ በታች ባለው ወፍራም ቦታ ላይ የጎማ ቁራጭ ጠቅልዬ ያዝኩት። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ቀጭን ድምፅ ሰማን፣ ጣ! አለ፣ ዞረ። ወዲያው አልሳብኩትም። ደጋግሜ አዞርኩት፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ላይ።

ጎማው ግማሹ ዲፕስቲኩ ላይ ወጣ፣ ግማሹ እንደ ቀለበት ሆኖ ቱቦው አፍ ላይ ቀረ። ይህን ልብ በሉ። ቀለበቱ በካቻቪቴ ቢገፋ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ካቻቪቴው ጫፍ ላይ ግራሶ ቀባሁ፣ ፍርፋሪው ግራሶው ላይ እየተጣበቀ ወጣ።

ዘይቱን በነጭ ሶፍት ላይ ጠረግሁት። ቀይ መሆን ሲገባው የጠቆረ ቡና ነው፣ የተቃጠለ ሽታም አለው። በጣቶቼ መሐል አሸሁት፣ የሚያብረቀርቅ ብረት አላየሁበትም። መጠኑ ከታችኛው መስመርም በታች ነው። ማርሽ የሚዘገየው ለምን እንደሆነ ቢያንስ ግማሹን መልስ አገኘን።

መልስ 16 ወዲያው ጠየቀኝ፣ ሞተሩ እየሠራ ነው ያየኸው ወይስ ጠፍቶ? እየሠራ ነው። ቶዮታ ላይ መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ፍሬን ተይዞ ማርሹ ሁሉም ቦታ ተነክቶ ፒ (መቆሚያው) ላይ ይመለሳል፣ ሞተሩ ሳይጠፋ ይወጣል፣ ይጠረጋል፣ ተመልሶ እስከ መጨረሻው ገብቶ እንደገና ይወጣል። ዲፕስቲኩ ላይ ለሞቀ ዘይት የተሠራው የትኩሱ መስመር የሚያገለግለው ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲደርስ ነው። መልስ 17 ይህ ለሁሉም መኪና አይሠራም ብሎ አረመ። አሮጌ ሆንዳ ላይ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ከጠፋ በኋላ፣ ወዲያውኑ ነው የሚታየው። ልክ ነው። በአንዱ ሕግ ሌላውን መለካት ዘይት ያለ አግባብ ያስጨምራል፣ ከልክ ያለፈ ዘይት ደግሞ አረፋ ሠርቶ እንደ ጎደለው ሁሉ ማርሽ ያንሸራትታል።

መልስ 18 ከዱባይ ነው። እዚያ ሙቀት ውስጥ በትራፊክ ተሰቃይቶ የመጣ መኪና ዘይት ወዲያው ቢታይ ውሸት ነው የሚያሳየው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል አለ። ስለ ቀለሙም ጨመረ። ዘይቱ ወተት የገባበት ሮዝ ከሆነ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የካምቢዮ ማቀዝቀዣ ተበስቶ ውኃ ገብቷል፣ መኪናዋ አንድ እርምጃ መሄድ የለባትም። የኛ እንዲያ አይደለም፣ ተመስገን።

መልስ 19 ሌላ እሳት ለኮሰ። ይህን ያህል የቆየ ዘይት ከተቀየረ ካምቢዮው ይሞታል፣ ስለዚህ እንዳትነካው፣ የጎደለውን ብቻ ሙላ አለኝ። የብዙ ሰው እምነት ነው፣ ወንድሜም እንዲሁ ያስባል። መልስ 20 አባታችን ናቸው፣ ተረጋግተው። እምነቱ ውስጥ እውነት አለ አሉ። ውስጥ ያሉት፣ ማርሹን የሚይዙት የፍሪሲዮን ዲስኮች ቀድመው ካለቁ አዲስ ዘይት አያድናቸውም፣ መኪናው በቀየረ ማግስት ቢቆም ሰው ዘይቱን ይከሳል። የገደለው ግን ያልተቀየረባቸው ዓመታት ናቸው። በማሽን ተገፍቶ ሁሉም በአንዴ እንዲታጠብ አይፈልጉም። ኮፓው በኩል ሲለቀቅ ሦስት ሊትር ያህል ነው የሚወጣው፣ ቀሪው ቶርክ ኮንቨርተሩና ሌላው ክፍል ውስጥ ይቀራል። ያንን ያህል ቀይሮ፣ ጥቂት ሳምንት ነድቶ፣ እንደገና መቀየር። ኮፓው ሲወርድ ፊልትሮውን ማየት፣ ታች ያሉትን ማግኔቶች መጥረግ። ማግኔቱ ላይ ጥቁር ለስላሳ ጭቃ ቢገኝ የዕድሜ ነገር ነው፣ የብረት ስባሪ ከተገኘ ግን ለዘይት ገንዘብ ከማውጣት በፊት መነጋገር ያስፈልጋል። መልስ 21 የቁጥር 19 ደጋፊ ነው፣ አንድ ዘመዱ ቀይሮ እንደቆመበት እየማለ ጻፈ። ከመሐላው በቀር ለአባታችን ነጥብ መልስ የለውም።

ከመልስ 22 እስከ 25 ያለው ስለ ዲፕስቲክ አይደለም። አንዱ ይህን ሁሉ ጣጣ ትታችሁ ኤሌክትሪክ ግዙ አለ። ሌላው በምን ገንዘብ ብሎ ጮኸበት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እንዳስወደደው፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት እንደቆመ፣ ስለዚህ ያለችን ኮሮላ እስክትሞት የምናስታምማት እንደሆነች ተከራከሩ። ቁጥር 25 ሌላ ክር ክፈቱ ብሎ ተሳደበ። ስድቡን ባልወደውም ክር ክፈቱ ማለቱ ልክ ነበር። እኔ የምለው አንድ ነው፤ መኪናዋን መተካት ይህን ያህል ከከበደ የካምቢዮ ዘይቷን ማየት ይበልጥ ግድ ይላል።

መልስ 26 ወደ ጉዳዩ መለሰን። የትኛውን ዘይት ልትገዛ ነው አለ። ብዙ ቶዮታ ላይ የዘይቱ ዓይነት ዲፕስቲኩ ብረት ላይ ተቀርጿል፣ ስለዚህ ሻጭ ከመጠየቅህ በፊት ጠርገህ አንብበው አለኝ። ጠረግሁት፣ ደክስሮን ይላል። ቲ 4 የሚል ሌላ የዘይት ዓይነት የተጻፈበት መኪና ያላችሁ ደክስሮን አትጨምሩ፣ የኔ ዓይነቱም ላይ ቲ 4 አይጨመርም። የተከፈተ ጀሪካን ላይ እየቀዱ ከሚሸጡ ሰዎች እንዳልገዛ፣ ያልተነካ ማሸጊያ ያለው ብቻ እንድወስድም ነገረኝ። መርካቶ ለሚገዛ ሰው የሚጠቅም ነው።

መልስ 27 የመጨረሻው ነው፣ ከእህታችን ከቁጥር 14። አሮጌ ዲፕስቲክ ስገዛ መያዣው ቢመሳሰልም ርዝመቱ ሊለያይ እንደሚችል አስጠነቀቀችኝ። ከሌላ ካምቢዮ የመጣ በትንሽ ቢያጥር ወይም ቢረዝም መስመሩ ውሸት ያሳያል፣ ሰው በሐሰት መለኪያ ዘይት ሲጨምርና ሲቀንስ ይኖራል። ስለዚህ የድሮውን ይዤ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ሻጩ መጀመሪያ ያመጣልኝ ከኔው ጋር ጎን ለጎን ሲለካ የጣት ውፍረት ያህል አጠረ፣ መለስኩት። ሁለተኛው ከጎማው አንገት ሥር እስከ ጫፉ እኩል ነው፣ የትኩሱም የቀዝቃዛውም መስመር ከድሮው ጋር ገጥሟል፣ ብረቱ ላይም ያው ደክስሮን ተጽፏል። ጎማው ለስላሳ ነው። በካምቢዮ ዘይት ለቅለቅ አድርጌ አስገብቼዋለሁ፣ በሁለት ጣት ይወጣል። የጎደለውን እስከ ቀዝቃዛው መስመር ሞላሁ፣ ወደ ኋላ ማርሽ አሁን ቶሎ ይገባል። ዳገቱን ገና አልሞከርንም። ቅዳሜ ኮፓው ይወርዳል፣ ማግኔቱ ላይ የተገኘውን ፎቶ አንስቼ እዚሁ እለጥፋለሁ፣ አባታችን እንዲያዩት።